ቺንኩዌ ቴሬን ሳትጋፉ፦ አምስቱን የሜዲትራኒያን መንደሮች በእግርና በባቡር መዞሪያ መንገድ

ሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ ሊጉሪያ በሚባለው የሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ ገደል ላይ የተሠሩ አምስት ትንንሽ መንደሮች አሉ። ሞንቴሮሶ፣ ቬርናዛ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ። ባንድ ላይ ቺንኩዌ ቴሬ ይባላሉ። ፎቷቸውን ሳታዩት አልቀራችሁም፤ ቢጫ፣ ሮዝና ብርቱካናማ ቤቶች ተደራርበው ከታች ባሕር ያለበት። ችግሩ ፎቶውን ያየ ሁሉ እዚያው መሄዱ ነው። ባንድ ቀን አምስቱንም እጨርሳለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ግማሹን ቀን ባቡር ጣቢያ ቆሞ፣ ግማሹን ደግሞ ጠባብ መንገድ ላይ ሲጋፋ ይውልና ማታ የትኛው መንደር የትኛው እንደነበር ይምታታበታል።

ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ቀን ስጡት። ዘዴው አንድ ነው፦ ጠዋት በማለዳ በእግር ሂዱ፣ እኩለ ቀን ላይ ከመንደሮቹ ውጡ ወይም ባሕር ግቡ፣ አመሻሽ ላይ ተመለሱ። የመርከብ ጎብኚዎችና የአስጎብኚ ቡድኖች የሚበዙት ከ10 እስከ 16 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። (ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የባቡር ሰሌዳው ላይ የምታዩት እሱን ነውና።)

1. ወሩን ምረጡ

ለእግር ጉዞ ሜይ ግሩም ነው። አበባ አለ፣ ሙቀቱ ይቻላል። ባሕሩ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ዋና የመጣችሁበት ጉዳይ ከሆነ ይቆጫችኋል። ሴፕቴምበር ከሁሉ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ውኃው በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ከርሟል፣ ወይን የሚለቀመውም ያኔ ነው።

ኦገስት አጋማሽን ተዉት። ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚሉት ትልቁ የበጋ በዓላቸው ነው፤ ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ የክፍል ዋጋም አይቀመስም። ለእኛም ቢሆን ፍልሰታ ውስጥ ይውላል፣ እና ጾመኛ ሆኖ የዓሣ ምግብ ቤት መሀል መዞር ፈተና ነው። ስለ ምግቡ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ኦክቶበር ሲገባ ዝናቡ ቀልድ አይደለም። ኦክቶበር 25 ቀን 2011 የወረደው ዶፍ ቬርናዛንና ሞንቴሮሶን በጭቃ ቀብሯቸው፣ ሰውም ሞቶ ነበር። ከኖቬምበር እስከ ማርች ጀልባዎቹ ያቆማሉ፤ ብዙ ምግብ ቤትም ይዘጋል።

2. ማደሪያችሁን ዳር ላይ ያዙ

መንደሮቹ ውስጥ ማደር ያምራል። ግን ውድ ነው፣ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሻንጣችሁንም ደረጃ ለደረጃ ተሸክማችሁ ነው የምትወጡት። ሊፍት ብላችሁ አትጠይቁ።

በሁለቱ ጫፍ ሁለት ከተሞች አሉ። በምዕራብ ሌቫንቶ፣ በምሥራቅ ላ ስፔዚያ። ከሁለቱም ባቡር ላይ ከወጣችሁ መጀመሪያው መንደር ጥቂት ደቂቃ ነው። ላ ስፔዚያ የወደብና የባሕር ኃይል ከተማ ናት፤ ረከስ ትላለች፣ ትልልቅ ሱቆች አሏት፣ የራሷ የመዋኛ ዳርቻ ግን የላትም። ሌቫንቶ ሰፊ አሸዋማ ዳርቻ አላት፣ ጸጥ ያለች ናት፣ ማታ ልጆች አደባባይ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ኪስ ካልጠበበ ሌቫንቶ። ከጠበበ ላ ስፔዚያ። አንድ ሌሊት ብቻ ደግሞ ማናሮላ ወይም ቬርናዛ እደሩ፤ የመጨረሻው ጀልባ ከሄደ በኋላ መንደሩ ሌላ ቦታ ይሆናል።

የትም ብታድሩ ፓስፖርት ይጠይቋችኋል። በሰው በሌሊት የሚከፈል ትንሽ የከተማ ቀረጥም አለ፤ ብዙ ጊዜ በኢንተርኔት ከከፈላችሁት ዋጋ ውጪ ነው።

3. አደራረስ

ከአዲስ አበባ የምትመጡ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሚላን ወይም ሮም ትወርዳላችሁ። ለዚህ ጉዞ ሚላን ይቀርባል፤ ከማዕከላዊው ጣቢያ እስከ ሌቫንቶ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። በፒሳ በኩል ለሚመጣ ላ ስፔዚያ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከጄኖቫም ቅርብ ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ጀርመን፣ ስዊድን፣ ሆላንድ የመኖሪያ ፈቃድ ኖሯችሁ የምትኖሩ ግን ቪዛ ሳትጠይቁ ትመጣላችሁ፤ ፓስፖርቱንና የመኖሪያ ካርዱን ሁለቱንም ይዛችሁ ውጡ፣ አንዱ ብቻ አይበቃም። ሚላን የምታድሩ ከሆነ ፖርታ ቬኔዚያ አካባቢ የሀበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ከዚያ ወዲያ እንጀራ እርሱት።

መኪና አትከራዩ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ መንደሮቹ ውስጥ መኪና አይገባም፣ ከላይ ያለው ማቆሚያ ውድና ጥቂት ነው። ይህ ዳርቻ የባቡር አገር ነው፤ ሐዲዱ ከ1874 ጀምሮ ተራራውን ሰንጥቆ እየሄደ ነው።

4. ካርዱን ከመግዛታችሁ በፊት አስሉ

ቦታው ከ1999 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ቺንኩዌ ቴሬ ካርድ የሚሉትንም የሚሸጠው ፓርኩ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ የእግር መንገዱን፣ በመንደሮቹ መሀል የሚሄዱትን ትንንሽ አውቶቡሶችና መጸዳጃ ቤቱን ብቻ የሚሸፍን። ሌላው ከዚያ በተጨማሪ ከሌቫንቶ እስከ ላ ስፔዚያ ቀኑን ሙሉ እንደልብ በባቡር የሚያስኬድ። ዋጋው እንደ ቀኑ ይለያያል፤ ግርግር ባለበት ቀን ይወደዳል።

ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የባቡሩን ካርድ ይገዛል። እናንተ ቁጠሩ። የአንድ ጉዞ ትኬት እንደ ወቅቱ ከ5 እስከ 10 ዩሮ ይደርሳልና፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ የምትወጡ የምትወርዱ ከሆነ ካርዱ ያዋጣል። በእግር ሄዳችሁ አንዴ ብቻ በባቡር የምትመለሱ ከሆነ ግን አያዋጣም። የእግር መንገዱም ቢሆን የሚያስከፍለው ባሕር ዳር ለባሕር ዳር የሚሄደው ሰማያዊው መንገድ ብቻ ነው፤ ከላይ ተራራ ለተራራ የሚሄዱት በነጻ ናቸው።

የወረቀት የባቡር ትኬት ከገዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ግድግዳ ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን አስመቱት። ትኬት ይዞ ሳያስመታ የተገኘ ሰው ይቀጣል፣ ተቆጣጣሪዎቹም "አላወቅሁም" የሚባለውን ነገር ሰምተው ጠግበዋል። ስልክ ላይ የገዛ ሰውም ሲሳፈር ማረጋገጫውን መጫን አለበት።

ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የሥራ ማቆም አድማ እንዳለ ጠይቁ። ጣሊያን ውስጥ አድማው በቅድሚያ ይታወጃል። በሥራ ቀን ከሆነ ከ6 እስከ 9 እና ከ18 እስከ 21 ሰዓት ለክልል ባቡሮች የተጠበቀ አገልግሎት አለ፤ ጉዟችሁን በእነዚያ ሰዓቶች አድርጉ።

5. እግራችሁንና ቦርሳችሁን አዘጋጁ

በሸበጥ መንገዱ ላይ መውጣት ክልክል ነው። ምክር አይደለም፣ ደንብ ነው፤ ቅጣቱ ከ50 እስከ 2,500 ዩሮ ይደርሳል። ሶሉ የሚቆነጥጥ ስኒከር ይበቃል። ሸበጡን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፣ ባሕር ዳር ይጠቅማችኋል፤ ጠጠሩ ላይ ለመዋኘት ደግሞ የጎማ የውኃ ጫማ ይሻላል፣ ምክንያቱም ዓለቱ ላይ እሾሃማዎቹ የባሕር ጃርቶች ይለጠፋሉ።

ውኃ በነፍስ ወከፍ አንድ ሊትር ተኩል ያዙ። በየመንደሩ የሕዝብ ቧንቧ አለ፣ ይጠጣል። "ኖን ፖታቢሌ" የሚል ከተለጠፈበት ብቻ አትጠጡ። ኮፍያ፣ የጸሐይ ክሬም፣ ትንሽ ፎጣ፣ ዋና ልብስ ከውስጥ። ዱላ ጉልበት ላመመው ሰው ይረዳል፤ እዚህ አገር የሚጎዳው አቀበቱ ሳይሆን የቁልቁለቱ ደረጃ ነው።

6. የመጀመሪያው ቀን፦ ከሌቫንቶ ሞንቴሮሶ በተራራው ላይ

አብዛኛው ሰው ይህን መንገድ አያውቀውም። በነጻ ነው፣ ወደ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ከሌቫንቶ ዳርቻ ጫፍ ተነስታችሁ ጥድና የወይራ ዛፍ መሀል ለመሀል ትወጣላችሁ። ጠዋት 7 ሰዓት ከጀመራችሁ አቀበቱን ጥላ ላይ ትጨርሱታላችሁ።

ፑንታ ሜስኮ የሚባለው ወደ ባሕር የገባ የተራራ አፍንጫ ላይ ስትደርሱ የፈረሰ የመነኮሳት ገዳም አለ፣ ቅዱስ እንጦንስ ይባላል። ትንሽ ወጣ በሉና ወደ ምሥራቅ እዩ። አምስቱም መንደሮች ባንድ መስመር ይታያሉ። ይህን መጀመሪያ ማየት ይጠቅማል፤ ካርታ ላይ ያነበባችሁት ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ቁልቁለቱ ወደ ሞንቴሮሶ ያወርዳችኋል። ከአምስቱ እውነተኛ ረጅም አሸዋ ያላት እሷ ብቻ ናት። ፌጂና ይባላል ዳርቻው። ጫፉ ላይ በ1910 ገደማ የተሠራ 14 ሜትር ቁመት ያለው የኔፕቱን ሐውልት ከዓለቱ ጋር ተጣብቆ ቆሟል፤ በጦርነቱና በማዕበል እጁ ተሰብሯል።

ስለ ዳርቻው አንድ ነገር እወቁ። ዣንጥላና ወንበር በረድፍ ተሰድሮ ካያችሁ የግል ነው፣ ይከፈልበታል፣ በሐምሌ ሙቀት ደግሞ ቀድሞ ይያዛል። "ስፒያጃ ሊቤራ" የሚለው የሕዝብ ነው፤ ፎጣችሁን አንጥፋችሁ መተኛት ትችላላችሁ። የሕዝቡ ቦታ ጠባብ ስለሆነ ቀደም ብሎ የደረሰ ነው የሚያገኘው፣ እናንተ ደግሞ በ7 ከተነሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ አትግቡ። መዋኘት የማትችሉ ልብ በሉ፤ እዚህ ባሕሩ በጥቂት እርምጃ ይጠልቃል።

7. ሁለተኛው ቀን፦ ሞንቴሮሶ፣ ቬርናዛ፣ ኮርኒሊያ

ይህ ዝነኛው ሰማያዊ መንገድ ነው። ካርዱ ያስፈልጋችኋል። ከሞንቴሮሶ ቬርናዛ ወደ ሁለት ሰዓት፣ ከቬርናዛ ኮርኒሊያ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል። በአንዳንድ የግርግር ቀናት የመጀመሪያው ክፍል ከሞንቴሮሶ ወደ ቬርናዛ ብቻ እንዲኬድ ይደረጋል፣ ስለዚህ አቅጣጫውን እንዲህ ያዙት። ከሞንቴሮሶ ሲጀመር ደረጃው ትንፋሽ ያሳጥራል። ከዚያ ይለሰልሳል። መንገዱ ለሁለት ሰው የማይበቃበት ቦታ አለ፤ ከላይ የሚመጣውን ጠብቃችሁ አሳልፉት።

ቬርናዛ ከላይ ስትታይ ነው የምታምረው። ወደ መንደሩ ልትወርዱ ትንሽ ሲቀራችሁ ወደቡ፣ የዶሪያ ግንብና ቤተ ክርስቲያኑ ባንድ ላይ ይወጡላችኋል። ያን ፎቶ አንሡና ውረዱ። ወደቡ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች የቦታውን ዋጋ ጨምረው ያስከፍሏችኋል።

ስለዚህ ምሳ እንዲህ ብሉ። ፎካቻ የሚሸጥ ጋጋሪ ቤት ፈልጉና በቁራጭ ግዙ፤ የወይራ ዘይት የጠጣ ወፍራም ቂጣ ነው፣ በሽንኩርት ወይም በጥብስ ቅጠል። ሌላው ፋሪናታ ነው፦ የሽምብራ ዱቄት፣ ውኃ፣ ዘይትና ጨው፣ በሰፊ መጥበሻ ምድጃ ውስጥ የተጋገረ። ሌላ ነገር የለበትም። ጾመኛ ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፣ ለኪስም ቢሆን እንዲሁ። ፔስቶ የሚሉትን ማባያ ግን ተጠንቀቁ፤ በሶብላ ነው ሲባል ሰምታችሁ ለጾም የሚሆን እንዳይመስላችሁ፣ አይብ አለው። ላልጾመ ሰው አንቾቪ የሚሉት የሞንቴሮሶ ትንሽ ዓሣ አለላችሁ፣ በሎሚና በዘይት የቀረበውን እዘዙ።

ምግብ ቤት ተቀምጣችሁ ከበላችሁ ኮፔርቶ የሚሉት የመቀመጫ ክፍያ በነፍስ ወከፍ ይጨመራል። ማጭበርበር አይደለም፣ ሜኑው ላይ ተጽፏል። ቡና ደግሞ ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ጠጡ፤ ስትቀመጡ ዋጋው ይጨምራል።

ኮርኒሊያ ከሌሎቹ ትለያለች። ወደብ የላትም፣ ጀልባም አይቆምላትም፤ ከባሕር 100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ከባቡር ጣቢያው ወደ መንደሩ የሚያወጣው ደረጃ 382 እርከን ነው። በእግር ከቬርናዛ የመጣ ሰው ግን ከላይ ይገባና ደረጃውን ወደ ታች ብቻ ይወርደዋል። ሰው የሚያንስባት መንደር ስለሆነች እኔ እዚህ ነው ረጅም የምቀመጠው።

8. ሦስተኛው ቀን፦ ካቡን ለማየት ወደ ላይ

ከኮርኒሊያ ማናሮላ የሚሄደው የታችኛው መንገድ በመሬት መንሸራተት ምክንያት ለዓመታት ዝግ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ባቡር ላይ ይወጣል። እናንተ በላይ በኩል ሂዱ። ከማናሮላ ወደ ቮላስትራ መንደር፣ ከዚያ በወይን እርሻው መሀል ወደ ኮርኒሊያ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፣ አይከፈልበትም። ከማናሮላ ቮላስትራ ያለው አቀበት ወደ 300 ሜትር ገደማ ያስወጣል፣ አብዛኛው ደረጃ ነው። ካልፈለጋችሁ ትንሹን አውቶቡስ ይዛችሁ ውጡና ከላይ ጀምሩ። ማንም አይታዘባችሁም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የዚህ ዳርቻ ዋናው ነገር ቤቶቹ አይደሉም፣ ይህ ነው። ተራራው ከላይ እስከ ታች እርከን ነው። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ ካብ፣ በየእርከኑ ወይን። ዩኔስኮ በ1997 ቦታውን ከፖርቶቬኔሬና ከሦስቱ ደሴቶች ጋር የመዘገበው ሰው ለዘመናት በእጁ ስለሠራው ስለዚህ መሬት ነው። ኮንሶን ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ የኛው የኮንሶ እርከንም በ2011 የተመዘገበው በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው። እዚህም ችግሩ ያው ነው፦ ወጣቱ ከእርሻው ወጥቷል፣ ያልተጠገነ ካብ ይናዳል፣ ካቡ ሲናድ አፈሩ ዝናብ በመጣ ቁጥር ወደ መንደሩ ይወርዳል። ስለዚህ ካቡ ላይ አትቀመጡ፣ አትንጠላጠሉ፣ ለፎቶ ብላችሁ ከመንገድ ወጥታችሁ እርከኑን አትርገጡ።

እየሄዳችሁ በአንድ ሐዲድ ላይ የምትሳብ ትንሽ ጋሪ ታያላችሁ፤ ወይኑን ከገደሉ የሚያወጡባት ናት። ከዚያው ወይን ሻኬትራ የሚባል ጣፋጭ መጠጥ ይሠራል፣ ዘለላው ከተለቀመ በኋላ እንዲጠወልግ ተትቶ ነው የሚጨመቀው። ውድ ነው፣ በትንሽ ብርጭቆ ቅመሱት።

በዚህ ቀን ማናሮላና ሪዮማጆሬን ለአመሻሽ አስቀሩ። ማናሮላ አሸዋ የላትም፣ ሰዉ ከዓለቱ ላይ ነው የሚዘለው፤ ጥልቅ ነው፣ ዋና ለማያውቅ አይሆንም። በሁለቱ መሀል ያለው የፍቅር መንገድ የሚሉት አጭር የገደል መንገድ በ2012 ድንጋይ ወድቆ ሰው ከቆሰለ በኋላ ለአሥር ዓመት ከዚያም በላይ ተዘግቶ ቆየና በ2024 በጋ ተከፈተ። አሁን የሚገባው ቀድሞ ሰዓት በመያዝ ነው፣ ከካርዱም በላይ ተጨማሪ ይከፈልበታል። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ገንዘብ ለመቆጠብ የመጣ ሰው ቢያልፈው ብዙ አይቀርበትም፤ ከፍቅረኛው ጋር የመጣ ግን ከኔ ጋር አይስማማም።

9. አየሩ ከተበላሸ

ሊጉሪያ ውስጥ የዝናብ ማስጠንቀቂያ በቀለም ይወጣል፦ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። ብርቱካናማና ቀይ ሲወጣ የእግር መንገዶቹ ይዘጋሉ። ሰንሰለት ዘልላችሁ አትግቡ፤ ችግር ከመጣ ግን የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው። ቀለል ያለ ዝናብ ብቻ ከሆነ ሌቫንቶ ላይ ብስክሌት ተከራዩ። ባቡሩ ድሮ ይሄድበት የነበረው የባሕር ዳር ሐዲድ ተነስቶ የብስክሌትና የእግር መንገድ ሆኗል፤ አብዛኛው ዋሻ ውስጥ ስለሆነ አትረጥቡም። ቦናሶላን አልፎ እስከ ፍራሙራ ይደርሳል። ለልጆችም ምቹ ነው፣ ሜዳ ነውና።

10. አራተኛ ቀን ካላችሁ፦ ፖርቶቬኔሬ በጀልባ

ባቡር እዚያ አይደርስም። በጀልባ ሂዱ፣ ዳርቻውን ከባሕር በኩል ማየት የሚገባችሁ አንድ ቀን ይህ ነው። ጀልባው ከሌቫንቶ ወይም ከሞንቴሮሶ ይነሳል፣ ከኮርኒሊያ በቀር በየመንደሩ እየቆመ ይሄዳል። ሲሄድ በግራ በኩል ተቀመጡ። ማዕበል ካለ አይንቀሳቀስም፤ ጠዋት መትከያው ላይ ጠይቁ።

ፖርቶቬኔሬ ጫፍ ላይ፣ ዓለት ላይ ብቻዋን የቆመች የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከዚያ ማዶ ፓልማሪያ ደሴት ናት፣ በትንሽ ጀልባ ጥቂት ደቂቃ። ደሴቷን በእግር መዞር ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ የመዋኛ ጠጠር ዳርቻዎቿም ከአምስቱ መንደሮች ይልቅ ሰው የሚያንስባቸው ናቸው። ዳቦና ውኃ ከፖርቶቬኔሬ ገዝታችሁ ተሻገሩ። የመመለሻውን የመጨረሻ ጀልባ ሰዓት መትከያው ላይ ካለው ሰሌዳ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ከፖርቶቬኔሬ ወደ ላ ስፔዚያ አውቶቡስ አለ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ከላ ስፔዚያ ባቡሩን ይዛችሁ ወደ ማደሪያችሁ ትመለሳላችሁ።